አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ኮከብ
ሀርጌሳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ለአማርኛ ወዳጆች የቀረበ ዲስኩር



የዛሬው ርእሴ ዐውደ ነገሥት የተባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ስሙ ሲነሣ የሚያማትብ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ጋ አለ እንዴ?» የሚል አለ። በአያቱ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ማየቱን የሚያስታውስም አለ። የሁሉንም ስሜት አከብራለሁ። የመጣሁት መጽሐፉን እመኑበት ብዬ ልሰብክ አይደለም፤ አቃጥሉት ልልም አይደለም። ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንድናስተያይ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።

ለዚህ መጽሐፍ ዕዳ የሌለበት አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ባልና ሚስት ሲስማሙ ኮከባቸው ገጠመ እንላለን። ሁለት የሥራ ባልደረቦች በሆነው ባልሆነው ሲነካከሱ ኮከባቸው አይገጥምም እንላለን። እንዲህ ስንል ስለ ሰማይ አናስብም፤ ቃሉ ግን ስም ከነእናቱ ከሚቆጥረው ደብተራ አፍ ወጥቶ ነው ወደ ቡና ወሬያችን የገባው። ጠጠር ጣይ፣ ሞራ ገላጭ፣ ስኒ አንባቢ ሁሉም የየራሳቸው ደንበኛ አላቸው። መጽሐፍ ገላጩ ግን ከሁሉም ይለያል፤ እሱ ፍርዱን የሚያወጣው ከጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ ይገለበጣል፣ ይታተማል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። ስለዚህ አንድ ሰው «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ሲለን «የትኛው ቅጂ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። በየቤቱ፣ በየመጻሕፍት መደብሩ፣ በየስልኩ ያለውን ዐውደ ነገሥት አንዱን ከሌላው አስተያይቶ፣ ይህ እዚህ ላይ ከዚያ ይለያል ብሎ ለተራው አንባቢ ያቀረበ ሥራ ግን እስካሁን አላየሁም።

ሌላው ዓለም ይህን ማስተያየት ለራሱ የዕጣ መጽሐፍ እንዴት እንዳደረገው ላሳያችሁ። የእነሱ መጽሐፍ ያልተጠረዘ ነው፤ ታሮት የሚባል ካርታ ነው። ሙሉው 78 ካርታ አለው። 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ ሞት፣ ሰነፉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እያሉ ስም ያላቸው። የቀሩት 56ቱ በዋንጫ፣ በበትር፣ በሰይፍና በሳንቲም ይከፈላሉ። ነገሩ የተጀመረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣልያን ሲሆን፣ ያኔ ተራ የካርታ ጨዋታ ነበር፤ ዕጣ ማንበቢያ የሆነው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 መጨረሻ ለንደን ላይ የታተመው ነው። አሳታሚው ዊልያም ራይደርና ልጁ የተባለው ድርጅት፣ አሳቡን ያመጣው አርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉን የሠራችው ደግሞ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት።

ስለዚህች ሴት ጥቂት ልበል፤ ሥራዋን እወደዋለሁ። ለንደን ተወልዳ፣ የልጅነቷን ጊዜ በከፊል ጃማይካ አሳልፋ፣ ሥዕል ኒው ዮርክ ተምራለች። ከእሷ በፊት በነበሩት ካርታዎች፣ ከጥቂት በስተቀር፣ ከትንንሾቹ 56 ካርታዎች ባለ ቁጥሮቹ ምልክት ብቻ ነበሩ፤ 5 ዋንጫ ቢሆን 5 ዋንጫ ተደርድሮ ይታያል፣ ሌላ ነገር የለም። ስሚዝ ግን ለእያንዳንዱ ሰው፣ ሰማይ፣ መንገድ፣ ኀዘን ሰጠችው። አምስቱ ዋንጫ በእሷ እጅ ጥቁር ካባ የለበሰ፣ በተደፉት ሦስት ዋንጫዎች ፊት አንገቱን የደፋ፣ ከኋላው የቆሙትን ሁለቱን ያላየ ሰው ሆነ። ይህን ሁሉ በወራት ውስጥ ጨርሳ ያገኘችው ገንዘብ ግን ትንሽ ነበር፤ ራሷ ለወዳጇ በጻፈችው ደብዳቤ ብዙ ሥራ በጥቂት ክፍያ መሥራቷን ገልጻለች። ካርታው ለአሥርት ዓመታት በአሳታሚውና በዌይት ስም ብቻ ተጠራ። የእሷ ድርሻ በየካርታው ጥግ ላይ የተሣለች፣ ፊደሎቿ የተጠላለፉባት ትንሽ ምልክት ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮርንዋል ውስጥ ቢውድ በምትባል ከተማ አረፈች።

ከዚያ ሰብሳቢዎች ተነሡ። የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ያላቸው አልነበሩም፤ ካርታውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። የድሮዎቹን ኅትመቶች ገዝተው ጎን ለጎን ዘረጓቸው። የወረቀቱን ውፍረት ዳሰሱ፤ የጀርባውን ጥለት ለዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ጽጌረዳና ሊሊ አበባ ጀርባቸው ላይ እንደነበራቸው፣ በኋላ የመጡት እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ያለ ጥለት እንደያዙ መዘገቡ። መስመሮቹ የት ወፈር የት ቀጠን እንዳሉ በማጉያ መስተዋት አይተው የጥንቶቹን ኅትመቶች በአራት ወገን ከፍለው፣ በላቲን ፊደል የመጀመሪያዎቹ አራት ሆሄያት ሰየሟቸው። የስሚዝ የእጅ ሥዕሎች ራሳቸው የት እንደደረሱ ስለማይታወቅ፣ ለእሷ እጅ ቅርብ የሆነውን የሚያውቁት በዚህ ማስተያየት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ካርታውን በዓለም ያሠራጨው እሱ ነው፤ የካርታዎቹ ስም ግን በስሚዝ እጅ ጽሕፈት ፈንታ በማተሚያ ፊደል ተተክቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ100ኛው ዓመት፣ የወጣው ቀለሙን አለዝቦ የእጅ ጽሕፈቷን መለሰ፣ ስሟንም ከፊት አስቀደመው። እኔ የምወደው ይህን ነው። የ1971ዱ ቢጫ ዓይን ይወጋል፤ የስሚዝ ሰማይ የለንደን ሰማይ እንጂ የማስታወቂያ ሰሌዳ አልነበረም።

አሁን ልብ በሉ። በካርታው ላይ ቀለም ቢለወጥ፣ መስመር ቢወፍር፣ አንባቢዋ የምታየው ያው አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ንባቡ ብዙ አይናወጥም። የእኛ መጽሐፍ ግን በሥዕል አይሠራም፤ በፊደል ነው የሚሠራው። አንዲት ፊደል ከተነካች ፍርዱ ከሥሩ ይለወጣል። ማስተያየት ለእነሱ ደስታ ከሆነ ለእኛ ግዴታ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ዐውደ ነገሥት አንድ ደራሲ ቁጭ ብሎ የጻፈው መጽሐፍ አይደለም። ደብተሮች ከመምህር እየተቀበሉ፣ ከብራና ወደ ብራና፣ ከብራና ወደ ወረቀት እየገለበጡ ያሳደጉት ነው። ሁሉም እንደ ችሎታውና እንደ ሀገሩ ሲጨምርና ሲቀንስ ኖሯል። ዋና ዘዴው ይህ ነው፤ የጠያቂውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ በ12 መግደፍ፣ ማለትም 12 12 እያወጡ የቀረውን መያዝ። የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይነግራል። አንድ ቢቀር ሐመል፣ ሁለት ቢቀር ሠውር፣ ከዚያ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ በመጨረሻም ሑት። እያንዳንዱ ኮከብ ባሕርይ አለው፤ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ ወይም ውሃ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለሚቀናው ቀንና አቅጣጫ ይዘረዝራል።

ስሞቹን በደንብ ከሰማችሁ የመጡበትን በር ታውቃላችሁ። ሐመል፣ ሠውር፣ አሰድ፣ ሚዛን፣ ቀውስ፣ ሑት ዓረብኛ ናቸው። በግእዝ የሐሳብ (የቁጥር ስሌት) መጻሕፍት ውስጥ ያሉት ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ የሚባሉት የፕላኔት ስሞችም እንዲሁ። ሊቃውንቶቻችን የዘመን አቈጣጠር የሚማሩበት አቡሻክር የተባለው መጽሐፍ ራሱ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በአንድ የቅብጥ ሊቅ በዓረብኛ ተጽፎ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። እውቀቱ በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ቢያድግም ዘሩ ከዓረብኛ የመጣ ነው።

የፊደሉንም የስሞቹንም ነገር በቅርብ ያየሁት እዚሁ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በመሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ስም የተሰየመው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውሮፕላን ስጠብቅ ከቦርሳዬ አንድ የቆየ ዐውደ ነገሥት አውጥቼ ሳገላብጥ አጠገቤ የተቀመጠች የደሴ ልጅ፣ እዚህ ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ዓይኗን ጣል አደረገችበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዐውደ ነገሥት ነው እንዴ?»

«ነው ልጄ።»

«እኔም ስልኬ ላይ አለኝ፤ ከቴሌግራም ነው ያወረድኩት። ግን እጮኛዬን አንዴ አሰድ፣ አንዴ ሚዛን ያደርግብኛል። የቱን ልመን?»

ሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ ጥያቄዋ ግን የሳቅ አልነበረም፤ የሠርግ ቀን ሊቆረጥ ቤተሰብ ዘንድ መሄዷ ነበር። የሰዎቹን ስም አልናገርም። ኃይሉ እንበለው፤ የእናቱ የክርስትና ስም ደግሞ ወለተ ማርያም ይሁን። የቦርዲንግ ወረቀቷ ጀርባ ላይ ቈጠርን። እናንተም አብራችሁኝ ቍጠሩ፤ ምሳሌው እንዲቀል የግእዙን ፊደል ዋጋ ብቻ እንያዝ፣ ካዕብ ሣልሱን እንተወው።

በሀ ሁ ተራ ስንሄድ ሀ 1፣ ለ 2፣ ሐ 3፣ መ 4፣ ሠ 5፣ ረ 6፣ ሰ 7፣ ቀ 8፣ በ 9 ነው። ከዚያ በአሥር ይዘላል፤ ተ 10፣ ኀ 20፣ ነ 30፣ አ 40፣ ከ 50፣ ወ 60፣ ዐ 70፣ ዘ 80፣ የ 90። ከዚያ በመቶ፤ ደ 100፣ ገ 200፣ ጠ 300፣ ጰ 400፣ ጸ 500፣ ፀ 600፣ ፈ 700፣ ፐ 800።

ወለተ ማርያም 60፣ 2፣ 10፣ 4፣ 6፣ 90፣ 4 ሲደመር 176 ነው። ኃይሉ በትክክለኛው ፊደሉ በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ 20፣ 90፣ 2፣ ማለትም 112 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 288። በ12 ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ ሙሉ 12 ነው፤ ኮከቡ ሑት፣ ባሕርዩ ውሃ።

ያንኑ ስም በሐመሩ ሐ፣ «ሐይሉ» ብለን ብንጽፈው 95 ይሆናል። ከ176 ጋር 271። በ12 ሲገደፍ 7 ይቀራል፤ ሚዛን፣ ባሕርዩ ነፋስ።

በሃሌታው ሀ፣ ዛሬ ስልካችን ላይ እንደምንጽፈው «ሀይሉ» ብንለው 93 ነው። ከ176 ጋር 269። 5 ይቀራል፤ አሰድ፣ ባሕርዩ እሳት።

አንድ ሰው፣ አንዲት እናት፣ አንድ መጽሐፍ፤ ሦስት ኮከብ። ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት። ልጅቱ አሰድና ሚዛን የተምታታባት ስሙን አንድ ቀን በሀ፣ አንድ ቀን በሐ ጽፋ ስለቈጠረች ነው። ሑትን ያላገኘችው ደግሞ ስልኳ ላይ ያለው ቅጂ በኮምፒዩተር እንደ አዲስ ሲለቀም ኀ ከመጽሐፉ ስለጠፋች ነው። የፊደል ዋጋ ሠንጠረዡ ውስጥ እንኳ በኀ ቦታ ሌላ ሀ ተቀምጧል። ለቃሚው ድምፁ አንድ ነው ብሎ አልፎታል፤ መጽሐፉ ግን ድምፅ አይቈጥርም፤ ቅርጽ ነው የሚቈጥር።

ከፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ጨዋታችንን ሲከታተሉ ቆይተው ኖሯል። «ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ» ብዬ ለልጅቱ ስቈጥር «ሰረጣን፣ አሰድ፣ ሱንቡላ፣ ሚዛን» ብለው ከአፌ ተቀበሉኝና እስከ ሑት አደረሱት። እሷ ደነገጠች።

«አዴር፣ ይህንን ከየት ያውቁታል?» አለቻቸው፤ በሶማልኛ «አጎቴ» ማለቷ ነው።

«አባቴ ሒዲጊዬ ነበር» አሉ በአማርኛ። አማርኛውን የለመዱት እ.ኤ.አ. በ1988 ከሀርጌሳ ሸሽተው ሐርታ ሼክ መጠለያ በኖሩበት ዘመን፣ ጅግጅጋ ሲመላለሱ ነው። «እናንተ ለጋብቻ ትቈጥሩታላችሁ፤ እሱ ለዝናብ ነበር የሚቈጥረው። ግመሉን መቼ ወዴት እንንዳ ብሎ።»

ሒዲጊዬ በሶማልኛ ከዋክብት ተመልካች ነው። የዚህ ሀገር ልጅ የሆኑት ሙሴ ጋላል ይህን የአርብቶ አደር እውቀት ከሽማግሌዎች አፍ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሞቃዲሾ ላይ በእንግሊዝኛ አሳትመውታል፤ የጨረቃ ማደሪያዎቹን፣ የወቅቶቹን ስም፣ የከዋክብቱን ምልክት ሁሉ። ያን ሥራ ሳስብ እቀናለሁ። በቃል የሚኖረው እውቀት ስሙ የታወቀ ሰብሳቢ፣ የታወቀ ዓመት፣ የታወቀ ከተማ ያለው መጽሐፍ ሆኖ ተቀምጧል። በጽሑፍ ሲኖር የኖረው የእኛው ግን በየእጁ ያለው ቅጂ መቼ፣ በማን፣ ከየትኛው ብራና እንደመጣ የማይታወቅበት ጊዜ ይበዛል።

ወደ ቅጂዎቹ ልመለስ። እጄ የገቡት በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በእርሳስ ፊደል የታተመው ነው፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ጐድጐድ ብሎ በጣት ይዳሰሳል፣ ሃሌታውና ሐመሩ፣ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ በአብዛኛው በቦታቸው ናቸው። ለቃሚዎቹ የቤተ ክህነት ተማሪዎች እንደነበሩ ከእጃቸው ይታያል። ሁለተኛው ወገን የዚያ ፎቶ ኮፒ፣ የፎቶ ኮፒውም ፎቶ ኮፒ ነው። እዚህ ፊደሉ ትክክል ነው፤ ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነው። የግእዝ ቁጥር ከላይና ከታች መስመር አለው፤ ኮፒው ሲደጋገም መካከሉ ይደፈንና ፮ እና ፯ አንድ ይመስላሉ። «፮ ቢቀር ይበጃል፣ ፯ ቢቀር ይተው» ለሚል መጽሐፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ፣ ማለትም የማተሚያ ቤቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ያለበት፣ ቀድሞ ስለሚቀደድ ብዙውን ጊዜ የለም። ሦስተኛው ወገን በኮምፒዩተር የተለቀመው ነው። ለዓይን ያምራል፣ ሽፋኑ ያብለጨልጫል፣ ስልክ ላይ በቀላሉ ይነበባል፤ ከሦስቱ ግን እኔ የማላምነው እሱን ነው። ፊደሉን አቀላቅሏል።

በብራናው ላይ ደግሞ ሌላ የጠፋ ነገር አለ፤ ቀይ ቀለም። ቁም ጸሐፊው የአዲስ ሐሳብ መጀመሪያን፣ የቅዱሳንን ስም፣ የባለቤቱ ስም የሚገባበትን ቦታ በቀይ ይጽፍ ነበር። አንባቢው ገጹን ገና ሲያየው አንዱ ሐሳብ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር ያውቃል። በጥቁር ብቻ ሲታተም ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች አንድ ሆነው የሚነበቡበት ገጽ ተፈጠረ። ለጋብቻ የተጻፈው ፍርድ ለሕመም፣ ለሕመም የተጻፈው ለመንገድ ሲነገር የሰማ ካለ ምንጩን እዚህ ጋ ይፈልገው።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ በግእዙ 26 ፊደላት ውስጥ የሉም። ደጀኔ፣ ጫልቱ፣ ሸዋዬ የሚባል ሰው ስሙ በስንት ይቈጠር? አንዱ መንገድ ከወላጅ ፊደሉ ጋር ማስኬድ ነው፤ ጀን በደ፣ ቸን በተ፣ ሸን በሰ። ይህን በግልጽ የማይናገር ቅጂ የአንባቢውን ግማሽ ስም ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ጉዳይ እያንዳንዱ እትም ምን እንደሚል ብቻ ተመዝግቦ ቢቀመጥ፣ አማርኛ ከግእዝ ፊደል ጋር እንዴት እንደተስማማ የሚያጠና ሰው ብዙ ይማርበታል።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው አሳብ የቆየ ነው፣ ታላላቅ ደራሲዎችም ደግፈውታል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ አንዱ ናቸው። ለልብ ወለድና ለጋዜጣ የሚያስኬድ ክርክር ነው፤ ዛሬ በዚያ ላይ አልፈርድም። ፊደል ራሱ ቁጥር ለሆነበት መጽሐፍ ግን አያስኬድም። ዐውደ ነገሥትን በተቀነሰ ፊደል ማተም ማለት የሒሳብ መጽሐፍን 3 እና 8 ስለሚመሳሰሉ በአንድ ምልክት እንደ ማተም ነው።

«ይህን ሁሉ ለጥንቆላ መጽሐፍ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በቅንነት የሚጠየቅ ስለሆነ በቅንነት እመልሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላን ታወግዛለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡበት ዘመን አስማተኛና ጠንቋይን በብርቱ አሳደዋል። እስልምናም ዕጣ ማስጣልን ይከለክላል፤ የምንኖርበት የዚህ ከተማ ሕዝብ በዚህ ጥብቅ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ልናከብርም ይገባል። እኔም በኮከብ ቆጠራ ትዳር ይመሥረት፣ በሽተኛ ከሐኪም ይቅር አልልም። ለዚያች የደሴ ልጅ የነገርኳትም ይህንኑ ነው፤ ሰውየውን ከሦስቱ ኮከብ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ አልኳት።

ሆኖም መጽሐፉን ያወገዘውም፣ ያመነበትም፣ የሚያጠናውም ሰው የሚናገረው ስለ አንድ የታወቀ ጽሑፍ መሆን አለበት። ያልታወቀ ጽሑፍ ለአጭበርባሪ ይመቻል። ዛሬ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ራሱን መሪጌታ ብሎ ሰይሞ በስልክ ገንዘብ የሚያስልክ ሰው ዋና መሣሪያው ይህ ነው፤ መጽሐፉ እንዲህ ይላል ይላል፣ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። በሚገባ የተዘጋጀ፣ ቅጂዎቹን ያስተያየ እትም ቢኖር ኖሮ ማንም ገልጦ «ይህ የለበትም» ለማለት ይችል ነበር።

የውጭ ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ዋጋ ከሰጡ ቆይተዋል። ማርሴል ግሪዮል የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ላይ አሳትሞታል፤ በኋላም የመራው ጓድ ጎንደር ድረስ መጥቶ ብዙ ብራና ይዞ ሄዷል። ስቴፋን ስትሬልሲን የመድኃኒት መጻሕፍቱንና የአስማት ጸሎቶቹን አጥንቶ አሳትሟል። የእኛው ጌታቸው ኃይሌ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሆነው በማይክሮ ፊልም የተነሡ በሺህ የሚቈጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ብራናው እንግዲህ ጠባቂ አግኝቷል። ጠባቂ ያጣው የታተመው ነው፤ ርካሹ፣ ሽፋኑ የወለቀው፣ መርካቶ ከአሮጌ መጻሕፍት መካከል የሚገኘው። ብዙ ሰው ያነበበው ግን እሱን ነው።

እንዲህ ያለ ተራ ነገር ሊተርፍ እንደሚችል ሀርጌሳ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ይህች ከተማ ስትደበደብ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ አየር ማረፊያ ነበር፤ ሚግ ከተባሉት የጦር አውሮፕላኖች አንዱ ዛሬ መሀል ከተማ ለመታሰቢያ ቆሟል። የራዲዮ ሀርጌሳ ሰዎች ያን ቀን አስቀድመው ፈርተው የዘፈን ክሮቹን ከሕንፃው አውጥተው አንዳንዱን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፣ አንዳንዱን በሰው እጅ ድንበር አሻገሩ። ከጦርነቱ በኋላ ከጉድጓድም ከየቤቱም እየተለቀመ የመጣው ዛሬ በሀርጌሳ የባህል ማእከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴት ሆኖ ተደርድሯል። ከዚያ የተመረጡ ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ2017 በሸክላ ታትመው ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሰዋል። ካሴቱን ለማእከሉ ያስረከቡት ባለሥልጣናት ብቻ ሳይሆኑ ተራ ሰዎችም ናቸው። አንድ ዘፈን በሁለት ካሴት ቢገኝም አንዱ ሊጣል አይገባም፤ አንዱ ላይ የተቈረጠው ግጥም ሌላው ላይ ሊገኝ ይችላልና።

እኔ የምመኘው እትም ይህን ይመስላል። በግራ ገጽ ከእርሳስ ፊደሎቹ ኅትመቶች የቆየው፣ ፊደሉ ሳይነካ፤ በቀኝ ገጽ ሌሎቹ የሚለዩበት ቦታ፣ ስሕተታቸው እንኳ ሳይታረም። የፊደል ዋጋ ሠንጠረዡ ከሁሉም ቅጂ ተወስዶ በአንድ ቦታ። ቀይ ቀለሙ በቀይ። አዘጋጁ «ትክክሉ ይህ ነው» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ሁሉም ያለውን ማሳየት አለበት፤ መፍረድ የሚችለው አንባቢው ነው። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም፣ ወመዘክርም ቢይዙት ደስ ይለኛል፤ እነሱም ቢሆኑ በየቤቱ ያለውን ቅጂ ካልመጣላቸው አያውቁትም።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። ብዙዎቻችሁ በዓል ሲደርስ በኢጋል አየር ማረፊያ ወይም በቶጎ ውጫሌ አልፋችሁ ወደ ቤተሰብ ትሄዳላችሁ። ቤታችሁ፣ አያታችሁ ዘንድ ወይም ጎረቤት ዐውደ ነገሥት ካለ በትሕትና አስፈቅዳችሁ አራት ነገር በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ የመጀመሪያውን ገጽ፣ የመጨረሻውን ገጽ፣ የፊደሉን ቁጥር የያዘውን ገጽና የሐመልን ፍርድ የያዘውን ገጽ። ከየት ተገዝቶ፣ በማን እጅ እንደቆየ ባለቤቱ የሚነግራችሁን ጻፉ። መጽሐፉን አትውሰዱ፤ ባለቤቱ ዘንድ ይቆይ። ሽፋን የሌለው፣ ግማሹ የተቀደደ ነው ብላችሁ አትለፉት። ፎቶውን ይዛችሁ ስትመለሱ እዚሁ እንገናኝና ጎን ለጎን እንዘርጋው። መሄድ የማትችሉ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ደውላችሁ እናታችሁን «ያ መጽሐፍ አሁንም አለ?» ብላችሁ ጠይቋት።